የአያትና የልጅ ጉልበት



እናቴ ሱጁድ መውረድ ካቃታት ዓመታት ተቆጥረዋል። የምትሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ማታ ማታ ዝንጅብልና እርድ አፍልታ ትጠጣለች፤ ከመተኛቷ በፊትም ጉልበቷን በጥቁር አዝሙድ ዘይት አሽታ በሻሽ ትጠቀልለዋለች። ሐኪሙ በራጅ አይቶ የጉልበቷ ልም አጥንት በዕድሜ ብዛት መሳሳቱን ነግሯታልና በጓዳ መድኃኒቷ አልከራከራትም። እርድና ዝንጅብል እንዲህ ያለውን የጉልበት ሕመም በመጠኑ እንደሚያስታግሱ በዘመናችን የተደረጉ ጥናቶችም አሳይተዋል። በመጠኑ ነው ያልኩት፤ ያለቀውን ልም አጥንት ግን አይመልሱም።

ስለ ጥቁር አዝሙድ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ ያልሰማ ቤተሰብ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሆኖም እንደ አል-ኸጣቢ ያሉ ዑለማዎች የሐዲሱ ቃል አጠቃላይ ቢሆንም የታሰበው ለተወሰኑ በሽታዎች መሆኑን አብራርተዋል። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰቂፍ ጎሣ ሐኪም ወደ ነበረው ወደ አል-ሓሪስ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱ እንዳዘዟቸው አቡ ዳውድ ዘግበዋል። እዚያው ሐዲስ ውስጥ የዐጅዋ ተምርም ተጠቅሷል። ተምሩና ሐኪሙ አልተጣሉም ማለት ነው።

የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ አንድ ተማሪዬ ነው። የዛሬ አራት ዓመት፣ ልጁ 5ኛ ክፍል ሳለ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ከትምህርት ቤትም ከመድረሳም ቀረብኝ። ልጠይቀው ብሄድ ቀኝ ጉልበቱ አብጦ፣ በተወቀጠ ቅጠል ተለብጦ አገኘሁት። ግንባሩን ብዳስሰው ያተኩሳል።

«ኡስታዝ፣ ብርድ ነው የመታው» አሉኝ አያቱ። «በፊት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር። ቅጠሉን ባደርግለት ሸሸና ጉልበቱ ላይ ወጣ። ከዚህም እናስወጣዋለን ኢንሻአላህ።»

«ሐኪም ቤት አልወሰዳችሁትም እማማ?»

«ምን አደከመን ልጄ! እያየኸው እኮ ነው፣ እየለቀቀው ነው።»

እኔም አሳመኑኝ። አላህ ዓፊያ ያድርገው ብዬ ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ እየሮጠ ወደ ክፍል ሲመለስ ደግሞ የእማማን ቅጠል ለሰው እስከ መንገር ደረስኩ። አስተማሪ ሲያመሰግነው ቅጠሉ ምን ያህል እንደሚከበር ገምቱ። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ልጁ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው፣ ኳስ ሜዳ ላይ ቁጭ ይል ጀመር። ሆስፒታል ሲመረመር ከልቡ ክዳኖች አንዱ ተጎድቶ ተገኘ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልቡ አልነበረም። «መገጣጠሚያው አብጦ ያውቃል? ከዚያ በፊትስ ጉሮሮውን ታሞ ነበር?» ነው ያሉት። አያቱ ሁለቱንም አዎን አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ።

በሽታው ሩማቲክ ፊቨር ይባላል። በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ እኛ ቶንሲል ብለን የምናልፈው የጉሮሮ ሕመም ነው። የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ለመውጋት ተነስቶ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የገዛ ሰውነቱን ያጠቃል። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርንና የእጅ አንጓ በተራ ያብጣሉ፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይያዛል። ከሁሉ የሚያታልለው የመገጣጠሚያው እብጠት ምንም ባይደረግለትም በሳምንታት ውስጥ ያለ አንዳች ጠባሳ መጥፋቱ ነው። በዚያ ሰሞን ቅጠል ቢለበጥ ቅጠሉ፣ ቅቤ ቢቀባ ቅቤው ይመሰገናል። በልብ ክዳን ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው።

ይህን ስህተት የቀድሞ ሐኪሞቻችን ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና በ«አል-ቃኑን» ሁለተኛ መጽሐፉ መድኃኒት የሚፈተንባቸውን ደንቦች ሲዘረዝር፣ ውጤቱ ዘወትር ወይም በብዙዎች ላይ ካልታየ እንደ አጋጣሚ ይቆጠራል ብሎ ነበር። መድረሳ ሳለን የዚህን ሰው ስም ስንጠራ ደረታችን ይነፋ ነበር። እኔ ግን አንድ ልጅ ሲድን አይቼ ቅጠል አወደስኩ።

እንግዲህ ልጃችሁ ትኩሳት ኖሮት መገጣጠሚያው ካበጠ፣ በተለይም እብጠቱ ከቦታ ቦታ ከዞረ፣ ወይም ሰሞኑን ጉሮሮውን ታሞ ከነበረ፣ ጊዜ ሳታጠፉ ሐኪም ይየው። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ቀልቶና ግሎ አላስነካ ቢልም ውስጡ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላልና አይታደርበትም። የጉሮሮው ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ሩማቲክ ፊቨርን መከላከል ይቻላል። አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ደግሞ ሕመሙ እንዳያገረሽበትና ልቡን ይበልጥ እንዳይጎዳው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የተባለውን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለበት። ደህና ነኝ ብሎ ማቋረጥ አይቻልም። የልብ ክዳን ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎችም አሉ። እነርሱ እርድን፣ ዝንጅብልን ወይም ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት አብዝተው ቢወስዱ ደም ሊፈስሳቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ወጥ ውስጥ የሚገባው መጠን የሚያሳስብ አይደለም።

ተማሪዬ አሁን 9ኛ ክፍል ነው። ሩጫ ተከልክሏል፤ ትምህርቱ ግን አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። መርፌውን በየ28 ቀኑ ይወጋል። አያቱ ማንበብ ስለማይችሉ ቀኑን በግድግዳው ካሌንደር ላይ በከሰል ክብ ያደርጉበታል። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ስንገናኝ ጉሮሮውን የታመመ የጎረቤት ልጅ እጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ እየወሰዱ ነበር።