ወኪሉ መልእክተኛ እንጂ ምስክር አይደለም

በአሁኑ ጊዜ አንድ ተማሪ «የቢትኮይንን የትእዛዝ መዝገብ አምጣልኝ» ብሎ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪልን ቢያዝ፣ ወኪሉ ከመገበያያ መድረክ ጋር ተገናኝቶ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በሠንጠረዥ የተደረደሩ ቁጥሮችን ያቀርብለታል። ቀደም ሲል ይህን ለማግኘት ራስን ችሎ ፕሮግራም መጻፍ ግድ ነበር። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተሰኘውን ክፍት የግንኙነት ደንብ ካወጣ ወዲህ ደግሞ ወኪሎችን ከውጭ የመረጃ ምንጮች ጋር ማገናኘት ይበልጥ ቀሏል። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ይሁንና ቁጥሩ በቀላሉ መምጣቱ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ የጽሑፋችን ዓላማም ይህንኑ ማስገንዘብ ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶከረንሲ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ማስታወቁ ይታወሳል። እኛም የምንናገረው ስለ ንግዱ አይደለም፤ ለስታቲስቲክስና ለኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት መለማመጃ ስለሚሆነው፣ ያለ ክፍያ ሊነበብ ስለሚችለው ይፋዊ መረጃ ነው።

ለመሆኑ የትእዛዝ መዝገብ ምንድን ነው? ገና ያልተፈጸሙ የመግዣና የመሸጫ ትእዛዞች በየዋጋቸውና በየመጠናቸው ተዘርዝረው የሚገኙበት ሰነድ ነው። ስለሆነም የሚነግረን አንድ ዋጋ ሳይሆን በየዋጋው ምን ያህል ለመግዛትና ለመሸጥ እንደቀረበ ነው። ለምሳሌ ያህል በመሸጫው ወገን 2 አሃድ በ101 ዶላር፣ 3 አሃድ ደግሞ በ105 ዶላር ቀርቧል እንበል። 5 አሃድ የሚፈልግ ገዢ በመጀመሪያ 202፣ ቀጥሎም 315፣ በድምሩ 517 ዶላር ይከፍላል። ወኪሉ የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ አምጥቶ ተማሪው በዚያው ቢያሰላ ግን 505 ዶላር ያገኛል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የመረጃው ሙሉነት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። መዝገቡ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። እንደ ባይናንስ ያሉ መድረኮች የመዝገቡን ቅጽበታዊ ቅጂና ተከታታይ የለውጥ መልእክቶችን ያቀርባሉ፤ ሁለቱም ተራ ቁጥር አላቸው። በመካከል አንድ ቁጥር ከተዘለለ በተጠቃሚው ዘንድ ያለው መዝገብ ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም፤ ሥራውም እንደገና ከቅጂው መጀመር አለበት። ወኪሉ ይህን ማጣራቱን ካላሳየን፣ ያየነው ሠንጠረዥ የትኛውን ቅጽበት እንደሚወክል ማወቅ አንችልም። ከዚህም የከፋው፣ የቋንቋ ሞዴሎች ግንኙነቱ ሲቋረጥ እንኳ እውነት የሚመስል ቁጥር ከራሳቸው ፈጥረው ሊያቀርቡ መቻላቸው ነው።

መረጃው በትክክል ቢመጣም ነገሩ አላበቃም፤ በመዝገቡ የሠፈረ ትእዛዝ ሁሉ እውነተኛ ፍላጎት አይደለምና። ይህ በክሪፕቶከረንሲ ብቻ ሳይሆን ከአክሲዮን ጋር በተያያዘ ገበያም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010 የአሜሪካው የዳው ጆንስ መለኪያ በደቂቃዎች ውስጥ በእጅጉ አሽቆልቁሎ ወዲያው አብዛኛውን መልሶ አገኘ። ለመፈጸም ሳይሆን ለማሳሳት ግዙፍ የመሸጫ ትእዛዞችን እያስገባ ይሰርዝ የነበረው ናቪንደር ሳራኦ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኗል። ወኪሉ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ሳያዛባ ሊያመጣልን ይችላል፤ ከትእዛዙ በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም።

«ተማሪው ራሱ የሚጽፈውስ ፕሮግራም መች ከስሕተት ይጸዳል?» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ አይጸዳም። ልዩነቱ የተጻፈ ፕሮግራም እንደገና ሊነበብ፣ ስሕተቱም ተለይቶ ሊታረም መቻሉ ነው። ወኪል ግን ለአንድ ጥያቄ ዛሬና ነገ የተለያየ መንገድ ሊከተል ይችላል፤ መንገዱን ካልመዘገብነው የምናርመው ነገር አይኖረንም። ሌላው ሰው ደግሞ ሊፈትሸው ያልቻለው ውጤት የሳይንስ ውጤት ሊባል አይችልም።

በመሆኑም በወኪል የተሰበሰበ መረጃ የሚጠቀም የጥናት ወረቀት ሁሉ ጥሬውን ፋይል፣ የመድረኩን ስም፣ የተሰበሰበበትን ትክክለኛ ሰዓት፣ የለውጥ ተራ ቁጥሩንና ወኪሉ የተጠቀመበትን ፕሮግራም አያይዞ እንዲያቀርብ መምህራን ሊያስገድዱ ይገባል እንላለን። ተማሪዎችም ሥራውን ለወኪል ከመስጠታቸው በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በራሳቸው ቢሠሩት፣ የሚመጣላቸውን መልስ የሚመዝኑበት ሚዛን ያገኛሉ።

መልእክተኛ የተላከበትን ያደርሳል፤ ለእውነተኛነቱ የሚመሰክረው ግን መርምሮ ስሙን ከወረቀቱ ላይ ያሰፈረው ሰው ነው። አበው «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ያሉት ለቁጥርም ይሠራል።