ስም ጎደፈ ሲባል የማይጠየቀው

እንግሊዝኛ ስም ማበላሸትን የሚገልጽባቸው ብዙዎቹ ቃላት የወጡት ከማጀት፣ ከአንጥረኛ ቤትና ጨርቅ ከሚነከርበት ጋን ነው። «ታርኒሽ» ብር ወይም ነሐስ ሲደበዝዝ የሚባል ነው። «ስቴይን» እና «ቴይንት» ከማቅለም ሙያ ጋር ይዛመዳሉ። የ«ስሚር» ጥንታዊ መነሻ ቅባትና ሞራ ሲሆን «ዲኒግሬት» ደግሞ በላቲን ማጥቆር ማለት ነው። ሁሉም የሚናገሩት ስለ ገጽ ነው፤ ከሥር ንጹሕ ነገር አለ፣ እድፉ ከውጭ መጣ፣ ያመጣውም ሌላ ሰው ነው። ክርክሬም እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ቃላት አቤት የሚል ሰው ቀድሞ ንጹሕ እንደነበረ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ቃሉ ራሱ መስክሮለታል። የተባለው ነገር እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ይታለፋል። (ብር ሲጠቁር ግን የቀባው ሰው የለም። ብሩ ራሱ አየር ውስጥ ካለ የድኝ ውህድ ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠቁረው። ስማችን «ታርኒሽ» ሆነብን የሚሉ ባለሥልጣናት ይህን ቢያውቁ ሌላ ቃል ይመርጡ ነበር።)

ነገሩ የአነጋገር ማሳመሪያ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ። «ቴይንት» ከማቅለም ሌላ «አቴይንት» የሚባል የሕግ ወላጅም አለው። በድሮዋ እንግሊዝ በአገር ክህደት የተፈረደበት ሰው ንብረቱ ከመወረሱም በላይ ደሙ እንደተበከለ ይቆጠር ስለነበር ልጆቹ በእሱ በኩል ርስት መውረስ አይችሉም ነበር። እጁ በሌለበት ጉዳይ ገና ያልተወለደ የልጅ ልጅ ይቀጣ ነበር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1787 እ.ኤ.አ. ቅጣቱ ወደ ዘር እንዳይተላለፍ አገደ፤ ብሪታንያ ግን እስከ 1870 ቆየች። እድፍ እንደሚጋባ የታሰበው በዘይቤ ብቻ አልነበረም፤ መሬት ተወርሶበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው «ዲፌም» ነው። ሥሩ «ፋማ» ነው፤ ሰው የሚያወራው፣ ዝና። ወሬ ደግሞ ከእድፍ በተለየ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ዴቪድ ኧርቪንግ የተባለው ጸሐፊ በ1996 ታሪክ ተመራማሪዋን ዴቦራ ሊፕስታድትንና አሳታሚዋን ለንደን ላይ የከሰሰው፣ የአይሁድን ጭፍጨፋ ከሚክዱት ጋር በመመደብ ስሜን አጥፍታለች ብሎ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ እውነትነቱን የማስረዳት ሸክም የጣለው በተከሳሿ ላይ ነው። ስለዚህ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ኤቫንስና ረዳቶቹ የኧርቪንግን የግርጌ ማስታወሻዎች አንድ በአንድ ከመዝገብ ቤት ሰነዶች ጋር አመሳከሩ። አንዱ የናዚው ባለሥልጣን የሂምለር የስልክ ማስታወሻ ነበር። በኅዳር 1941 ከበርሊን ስለተነሳ አንድ የአይሁድ ማጓጓዣ ባቡር የተጻፈውን የ«አይገደሉ» ትእዛዝ፣ ኧርቪንግ ስለ አይሁድ ሁሉ የተላለፈ አስመስሎ ጽፎት ነበር። ዳኛው በሚያዝያ 2000 የተባለው በዋናው ነገር እውነት ነው ብለው ክሱን ጣሉት። ሰውየው ስሜን አቆሸሹት ብሎ ሄዶ ስለ ሰነድ ተጠየቀ። የእድፍ ቋንቋ ብቻ ቢኖር ጥያቄው የሚነሳበት ቦታ አልነበረውም።

ያ ቋንቋ በቀጥታ ሕግ ሲሆን ምን እንደሚመጣ የአሜሪካ የንግድ ምልክት ሕግ ያሳያል። ከ2006 ወዲህ ሕጉ የታወቀን ምልክት ዝና የሚጎዳ ተመሳሳይ ምልክትን «ታርኒሽመንት» በሚል ስም ይከለክላል። አንድ የአሪዞና ድርጅት የጃክ ዳንኤልስ ውስኪ ጠርሙስ የሚመስል የውሻ መጫወቻ ሠርቶ ከበስተፊቱ የውሻ ኩስ ቀልድ ጻፈበት። ክርክሩ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተመለሰ። በጥር 2025 የአሪዞናው ፍርድ ቤት ገዢው እንደማይሳሳት፣ ጠርሙሱ ግን ዝናው እንደጎደፈ ወሰነ። ማንም አልተታለለም፣ ስለ ውስኪው የተነገረ ሐሰትም የለም፤ ሆኖም ጉዳት አለ ተባለ። ኩባንያው የምርቱን ጥራት መከላከል እንኳን አላስፈለገውም። ሰው ስለ ስሙ ሲከራከር እውነቱ ይመረመራል፣ ጠርሙስ ግን ከምርመራው ነጻ ነው።

እነዚህ ቃላት ዘይቤነታቸው ከሞተ ቆይቷል፣ «ታርኒሽ» ሲባል ብር ትዝ የሚለው የለም የሚል ይኖራል። ተናጋሪው አያስታውስ ይሆናል፤ ሐረጉ ግን ያስታውሳል። ስለ አንድ ሹም «ስሙ ጎደፈ» የሚል ዜና ሹሙ ምን እንደሠራ ሳይናገር ዐረፍተ ነገሩን መዝጋት ይችላል። የአማርኛው «ጥላሸት መቀባት»ም ከዚህ አያመልጥም። ጥላሸቱን ማን ቀባ እንላለን እንጂ ፊቱ ቀድሞ ምን ይመስል ነበር አንልም።

ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። በእርግጥ ጭቃ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ ያለ እነዚህ ቃላት በምን እንከሳቸዋለን? አሜሪካዊቷ ሴናተር ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ በሰኔ 1950 ሰዎችን ኮሚኒስት ናቸው እያለ ይከስ የነበረውን የሴናተር ማካርቲን ዘመቻ ስሙን ሳትጠራ በሴኔት ስታወግዝ «ስሚር»ን ከፍርሃት፣ ከድንቁርናና ከጭፍን ጥላቻ ጋር ደምራ ነው። ቃሉ ያኔ በቦታው ነበር፤ ከሳሾቹ ማስረጃ ሳያቀርቡ ሰው ከሥራ ያስባርሩ ነበርና። ግን ቃሉን ትክክል ያደረገው የማስረጃው መጥፋት ነው። ያ ሲቀር «ስሚር» የጋዜጠኛን ሰነድና የሐሜተኛን ወሬ በአንድ ሙቀጫ ይወቅጣል።

እውነትም ለክፋት ይወረወራል የሚለውን አልክድም። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ተከሳሹ የተናገረው እውነት መሆኑን ካስረዳ ከኃላፊነት ነጻ ያደርገዋል፤ የተናገረው ለመጉዳት ብቻ ከሆነ ግን እውነቱ አያድነውም። የሰው የቆየ በሽታ ወይም የቤት ገመና ለአደባባይ ሲወጣ ተበዳይ አለ። በደሉ ግን ገመናው መጋለጡ ነው፣ ያልነበረ እድፍ መቀባቱ አይደለም። ያንን በደል ስም ማጉደፍ ብለን ስንጠራው ሚስጥሩ የተገለጠበትን ሰውና ሌብነቱ የተገለጠበትን ሹም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እናስቀምጣለን፤ በዚህ የሚጠቀመውም ሹሙ ነው።