ጥብቅና ለድሪቶ

አንድን ጽሑፍ ማዋረድ የፈለገ ሐያሲ «ድሪቶ ነው» ይላል። ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተሰፋ፣ ወጥነት የጎደለው ማለቱ ነው። ቃሉ ወደ ሥነ ጽሑፍ ሸንጎ የመጣው ከድሃ ቤት መደብ ላይ ተነሥቶ ነው። የነተበ ጋቢ፣ የተቀደደ ቡልኮ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ ተደራርቦ ተሰፍቶ የሌሊት ልብስ ሲሆን ድሪቶ ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚደበቀውም እሱ ነው። እኔ በዚህ ስድብ አልስማማም። ምክንያቴን ለማስረዳት አንባቢን ጥቂት ራቅ አድርጌ፣ ወደ አሜሪካ ደቡብ ልወስድ ነው።

በአላባማ ግዛት፣ ወንዝ በሦስት ወገን የከበባት ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በዚያው የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የተገዙ ሰዎች ዘሮች ናቸው፤ ብዙዎቹም ፔትዌይ የሚለውን የእርሻውን ጌታ ስም እስከ ዛሬ ይጠሩበታል። ጥጡን የዘሩትና የለቀሙት እነሱ፤ ለእነሱ የደረሳቸው ግን እራፊው ነበር። ሴቶቹ ከእራፊው ብርድ ልብስ ሠሩ። እንግሊዝኛው «ኩዊልት» ይለዋል፤ ላዩ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ፣ መካከሉ ባዘቶ የገባበት፣ ድርቡ እርስ በርሱ በመርፌ የተያያዘ። ከድሪቶ የቀረበ የአማርኛ ስም አላገኘሁለትም።

እ.ኤ.አ. በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ እናት ባላቸው ወራት ታመው ሞቱባቸው። ልጃቸው አርሎንዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተረኩት፣ እናትየዋ የሟቹን የሥራ ልብስ ሰብስበው፣ ማስታወሻም እንዲሆናቸው በፍቅሩም እንዲሸፈኑበት ብለው ብርድ ልብስ ሰፉት። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ተይዞ ሙሾ ሲወርድ ያየ ሰው ይህን ሥራ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ልዩነቱ የሚዙሪ ሙሾ ሌሊት ሌሊት የሚያሞቅ መሆኑ ነው።

ድህነትን ማሞገሴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እነዚያ ሴቶች የሰፉት ብርዱ ግድ ብሏቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962፣ ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን በሚጠይቁበት ዘመን፣ መንደሪቱን ከወንዙ ማዶ ያገናኝ የነበረው ጀልባ ተቋረጠ፤ የተመለሰው በ2006 ነው። አርባ አራት ዓመት! በመካከሉ፣ በ1966፣ በአካባቢው የሴቶች የስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። በ1972 ደግሞ ሲርስ ለተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት ሰንበር ሰንበር ካለው የኮርዶሮይ ጨርቅ የትራስ ልብስ ለመስፋት ውል ያዘ። የተረፈው ቁራጭ ወደየቤቱ ገባ፤ ወርቃማና አረንጓዴ የኮርዶሮይ ብርድ ልብሶችም ተወለዱ። በ2002 የመንደሪቱ ሥራዎች በሂዩስተን ቤተ መዘክር፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ። የአልጋው ድሪቶ ከታላላቅ ሠዓሊያን ሸራ ጋር ተወዳደረ።

ከ2022 ጀምሮ በየጥቅምቱ መንደሪቱ ብርድ ልብሶቿን በገመድና በአጥር ላይ ዘርግታ ታናፍሳለች። ማናፈሱ የቆየ የቤት ልማድ ነበር፤ አሁን በዓል ሆኗል፤ ስፌት ወዳዶችም ከሩቅ ይመጣሉ። በዚያው መጸው በሂዩስተን ከተማ ሌላ፣ እጅግ የገዘፈ የኩዊልት ጉባኤ ይካሄዳል። በዚያ የሚሸጠው አዲስ ጨርቅ ነው፤ አርባ ስድስት በሃምሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ በቀለም በቀለሙ ተደርድሮ። ደኅናውን ጨርቅ ገዝቶ፣ ቆራርጦ፣ መልሶ መስፋት መጀመሪያ ሲሰሙት ፈገግ ያሰኛል። (እኛም ብንሆን ሽሮ ሜዳ ወጥተን አዲስ ጥለት ስንመርጥ አሮጌው ነጠላ የት እንደደረሰ አንጠይቅም። ልጅ መጠቅለያ ሆኖ፣ ቀጥሎ መወልወያ ሆኖ አልቋል።) ገዢዎቹን አልነቅፍም፤ የመርፌው ድካም ያው ነው። ነገር ግን የሱቁ ሰው ጨርቁን ለዕቅዱ ሲመርጥ፣ ሚዙሪ ዕቅዳቸውን ለጨርቁ አስገዙ። የሱሪው እግር ከዚህ በላይ አይረዝምም፤ ስለዚህ መስመሩ እዚህ ላይ ይሰበራል። ቤት ለመምታት ሲል ያላሰበውን ቃል የሚያገኝ ገጣሚ ይህን ያውቀዋል።

አማርኛም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። የተቀደደ ሱሪ ጣፈ እንላለን። አባቶቻችን ደግሞ መጽሐፉን «መጣፍ»፣ ጻፈን «ጣፈ» ይሉ ነበር። ጸሐፊና ጣፊ በአንድ ድምፅ ሲጠሩ የኖሩበት ቋንቋ ነው እንግዲህ ድሪቶን ለስድብ ያዋለው። የምንጽፍበት ቃል ሁሉ ሌላ ሰው ለብሶት ያወለቀው ነው፤ እናት ለልጅ፣ ነጋዴ ለገበያ፣ አልቃሽ ለሬሳ። አዲስ ጣቃ ለማንም አልተቆረጠለትም።

መጥፎ ጽሑፍ የለም አላልሁም፤ ሞልቷል። ዳሩ ግን ጥፋቱ ከቁርጥራጭ መሠራቱ ሳይሆን፣ ቁራጩ ከጎረቤቱ ጋር ሳይስማማ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን መጽሐፍ «ድሪቶ» ብሎ ለመጣል ብዕሩን ያነሣ ሐያሲ ጨርቁን ገልበጥ አድርጎ ያሳየን፤ የለቀቀው ስፌት የትኛው ነው?