የባባ ኤስ ክላስ እና የእኔ ስድስት ዓመት

ዛሬ ስለ ማዳም አይደለም የምጽፈው፣ ስለ መኪና ነው። አትሳቁ! እኛ ማጠብ እንጂ ስለ መኪና ምን አገባን የምትል አትጠፋም። እኔም እንደዛ ነበር የምለው፣ ወንድሜ በ6 ዓመት ያጠራቀምኩትን ብር ለአንድ አሮጌ ትልቅ መርሰዲስ ላኪልኝ እስኪለኝ ድረስ።

ዱባይ ሁለት ቤት ሠርቻለሁ። ሁለቱም ቤት ደጃፍ ላይ ጥቁር ኤስ ክላስ ይቆማል። የመጀመሪያው ባባ በኪራይ ነበር የያዘው፣ በወር 10,000 ድርሃም፣ ለ3 ዓመት። የእኔ ደመወዝ ያኔ 1,200 ነበር፣ እናንተው አስሉት። ኢንሹራንሱ፣ ሰርቪሱ፣ የዓመት እድሳቱ ሁሉ ኪራዩ ውስጥ ነው፤ ባባ ቤንዚን ብቻ ይሞላል። ግን እንደልቡ አይነዳውም። በዓመት የሚሄደው ኪሎሜትር ኮንትራቱ ላይ ተቆርጧል፣ ካለፈ በየኪሎሜትሩ ይከፍላል። ስለዚህ አል ዐይን ዘመድ ለመጠየቅ ሲሄዱ በማዳም መኪና ነበር የሚሄዱት። ሊያስረክብ ወር ሲቀረው ትንሹ ልጅ በሳይክል በሩን ጫረው። ያን ቀን የተጮኸውን ጩኸት ምን ልበላችሁ! ጭረቱንም ከፍሎ ነው ያስረከበው።

አሁን ያለሁበት ቤት ባባ ደግሞ ገዛ። 500,000 ድርሃም አካባቢ። እዚህ ሀገር ባንክ ለመኪና ከዋጋው 80 በመቶ በላይ አያበድርም፣ ከ5 ዓመት በላይም አይሰጥም፤ ስለዚህ 100,000ውን ከኪሱ አወጣ። በ3 ዓመቱ ልሽጠው ሲል የቀረበለት 240,000 ነው። ቡና ይዤ ስገባ ለወንድሙ በስልክ ሲነግረው ሰማሁ። ትልቅ የቅንጦት መኪና እንዲህ ነው። ቶዮታ ዋጋዋን ይዛ ስትቆይ ይሄኛው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይወድቃል። ሀብታሙ አዲስ እንጂ አሮጌ አይፈልግም፣ አሮጌ የሚገዛው ደግሞ የጥገናውን ወጪ ይፈራል።

ከፓኪስታኒው ሾፌር ጋር ደብተር ላይ ደመርነው። ኪራዩ በ3 ዓመት 360,000። የገዛው ከዋጋው 260,000 ወደቀበት፤ የባንኩን ወለድ፣ ኢንሹራንሱን፣ ሰርቪሱንና ጎማውን ስትጨምሩበት እሱም እዛው አካባቢ ይደርሳል። ገረመኝ! እኔ ኪራይ ብር መጣል ይመስለኝ ነበር። ለካ በየ3 ዓመቱ ለሚቀይር ሰው ያው ነው፤ እንዲያውም ተከራዩ ስንት እንደሚያወጣ ቀድሞ ያውቃል፣ ገዢው ግን ሊሸጥ ሲወጣ ነው የሚደነግጠው። መግዛት የሚያዋጣው 8፣ 10 ዓመት ለሚይዘው ነው፣ ያውም ጥገናውን ከቻለ። ይሄ መኪና በአየር ነው የሚቆመው፤ አየሩ ሲያፈስ እንደታመመ በግ ቁጭ ይላል፣ ማስነሻው ደግሞ ውድ ነው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። "እታለም፣ ለሰርግ እናከራየዋለን፣ በየቅዳሜና እሁዱ ብር ነው" ይለኛል። የዱባዩን ነገርኩት፣ ዋጋው ይወድቃል ብዬ። "እዚህ አይወድቅም። የቤንዚን የቤት መኪና ከ2016 ጀምሮ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ያለው ይወደዳል እንጂ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እዚህ ላይ አሸንፎኛል። የሀገራችን መኪና እንደ ዱባይ አይረክስም።

ግን ሰርግ ዓመቱን ሙሉ አለ እንዴ? ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም አለ፣ ክረምቱ አለ። ሙሽራ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። በቀረው ጊዜ መኪናው ቆሞ ይበላል። መለዋወጫ ሲጠፋ ደግሞ "እዛው ፈልጊና በሰው ላኪ" እንደሚለኝ ካሁኑ አውቀዋለሁ።

እኔ የምለው፣ ወንድሜ ሥራውን ከፈለገው የሰው መኪና በቀን እየተከራየ ለሙሽራ ያቅርብና ትርፉን ይያዝ። አንድ የሰርግ ወቅት ብቻ ይሞክረው። ለመነሻ የሚሆነውን እልካለሁ፣ ከሠራለት እንነጋገራለን። ይህን ስለው "ፈሪ ነሽ" አለኝ። አዎ ፈሪ ነኝ። የሰው ሽንት ቤት አጥቤ ያመጣሁት ነው።

ደግሞ ሊብሬው። በማን ስም ነው የሚወጣው ስለው "አንቺ እዛ ሆነሽ እንዴት ይሆናል? በእኔ ይሁንና ስትመጪ እናዞረዋለን" አለ። ወንድሜ ሌባ አይደለም፣ እወደዋለሁ። ግን ያ በኪራይ የያዘው ባባ እንኳ መኪናው የእሱ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ የአከራዩ ስም ነው ያለው። እኔ ግን ሙሉውን ከፍዬ ወረቀቱ የሌላ ሰው ሊሆን ነው። ይሄ ኪራይ ነው ወይስ ግዢ? በቆንስላ ውክልና ልስጥህና በስሜ ግዛው ብለው ተቀየመ፤ ይኸው ሳምንቱ፣ ስልክ አያነሳም። እናቴም "ለወንድምሽ ነው እኮ" ትለኛለች።

ሀገር ቤት የሰርግ መኪና ያላችሁ እህቶች ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ በወር ስንት ቀን ይወጣል? ሁዳዴን ምን ታደርጉታላችሁ? ሊብሬውስ በማን ስም ነው? እሁድ እረፍቴ ነው፣ ያኔ እደውልለታለሁ።