ልጅ መጠበቅ ሥራ ነው! ሥራዋ ይቁም ለሚሉት የተሰጠ መልስ



ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ ሰዎች የፈረሙበት ማመልከቻ ለማኅበራችን ደርሶናል። ጉዳዩም እዚሁ ኦሎምፒያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ግቢ የምትኖር አንዲት እናት የአራት ጎረቤቶቿን ሕፃናት ቀን ቀን እየጠበቀች ገንዘብ ስለምትቀበል ማኅበሩ ሥራዋን ያስቁምልን የሚል ነው። ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበብነው። የፈረሙትን ሁሉ እናውቃቸዋለን፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ የእድር ጓደኞቻችን ናቸው። ነገር ግን ተሳስተዋል። በየበሩ ከመንሾካሾክ መልሱን ሰሌዳው ላይ ብንለጥፈው ይሻላል ብለን ይህን ጽፈናል።

ክሱ አራት ነው፤ ጩኸት፣ ውሃ፣ ፈቃድ፣ እንዲሁም "ልጅ መጠበቅ ድሮም በነፃ ነበር፣ በጎረቤት መሐል ገንዘብ ገብቶ ፍቅር ያጠፋል" የሚል።

ጩኸቱን በተመለከተ ብዙ አንናገርም። እኩለ ሌሊት ድረስ የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ መስኮታችንን ሲያንቀጠቅጠው ማመልከቻ የጻፈ ሰው አላየንም። በቀን የአራት ሕፃናት ለቅሶ ሲሰማ ግን አሥራ አንድ ፊርማ ተገኘ! ምነው፣ እኛስ ሳናለቅስ ነው እንዴ ያደግነው?

በውሃው ግን ከሳሾቹ እውነት አላቸው። ግቢው ያለው አንድ ቆጣሪ ነው፣ ሂሳቡም በእኩል ይከፈላል። የአራት ሕፃናት የሽንት ጨርቅ የሚታጠብበትን ውሃ ሌላው ሰው ሊከፍል አይገባውም። ይህን ለእናቲቱ ነግረናት ተቀብላለች፤ ከዚህ ወር ጀምሮ የሁለት ቤት ድርሻ ትከፍላለች፣ ጨርቁንም በጋራው ገመድ ላይ ሳይሆን በራሷ ደጃፍ ታሰጣለች። ይኸው፣ አንዱ ክስ በአንድ ቡና አለቀ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ፈቃድ ሰጪውም ከልካዩም ማኅበሩ አይደለም፣ መንግሥት ነው። ስለዚህ ወረዳ ሄዳ የሚያስፈልገውን እንድትጠይቅ መክረናታል፣ የድጋፍ ደብዳቤም እንጽፍላታለን። የምትኖረው በቀበሌ ቤት ስለሆነ ይህንንም አብራ እንድትጠይቅ ነግረናታል። ፈቃድ ይኑራት ማለት አንድ ነገር ነው፣ ትቁም ማለት ሌላ ነው።

ዋናው ክርክር አራተኛው ነው። ልጅ መጠበቅ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?

እስቲ ቀኑን እንቁጠረው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ለአባትየው ሦስት ቀን ነው። በሌላ በኩል ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ እንባላለን፤ ትክክልም ነው። ታዲያ አዋጁ በሦስተኛው ወር ሥራሽ ላይ ተገኚ ይላል፣ ሐኪሙ እስከ ስድስተኛው ወር አጥቢ ይላል። በመሐል ያለውን ሦስት ወር ማን ይሸፍነው? ከዚያ በኋላ ያለውንስ ሁለትና ሦስት ዓመት? መዋዕለ ሕፃናት እንደሆነ የሦስት ወር ልጅ አይቀበልም።

ይህም ደመወዝና ፈቃድ ላላት ነው። ከሰፈራችን ሴቶች ብዙዎቹ ጀበና ቡና የሚያፈሉ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ በየሕንፃው ደረጃ የሚጠርጉ ናቸው። ለነሱ 90 ቀን ቀርቶ 9 ቀንም የለም። ልጅ ታዝለው ከሰል ዳር ይቀመጣሉ።

መንግሥትም ችግሩን አይቶት ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በከተማችን ማቆያዎች ተከፍተዋል። ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን። ነገር ግን የቢሮ ማቆያ ለቢሮ ሠራተኛ ነው። ቡና የምታፈላዋ የየትኛው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት?

"ድሮ በነፃ ነበር" ለምትሉን ደግሞ፣ ድሮን እኛም እናውቀዋለን። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ ብዙ ቀበሌዎች የራሳቸው መዋዕለ ሕፃናት ነበራቸው። ከእኛም መሐል ፊደል የቆጠርነው እዚያ ነው። የዚያ ዘመን ክፋቱ ብዙ ነው፣ አንመልሰው፤ ያ ክፍልና ያች ምንጣፍ ግን ጠቅመውናል። ከዚያ የተረፈን ልጅ ደግሞ አያት ትይዘዋለች፣ ጎረቤት ታየዋለች።

አሁን አያት የት ናት? በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ከእኛ ጋር ለቅሶና ሠርግ የነበሩ ሰዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሩቅ መንደሮች ሄደዋል። ንጹሕ ቤት ያገኘ አለ፣ ደስ ብሎናል። ልጅ ግን ኦሎምፒያ፣ አያት ገላን ጉራ ሆነዋል። በጠዋት ሕፃን ታቅፎ ሁለት ሦስት ታክሲ ተሳፍሮ አያት ዘንድ አድርሶ፣ ተመልሶ በሁለት ሰዓት ሥራ መግባት የሚችል ማን ነው? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። የቅርቧ ጎረቤት ደግሞ ይችው የተከሰሰችው ናት።

ሌላው አማራጭ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደላላ ዘንድ ሄዶ ከገጠር የመጣች ልጅ መቅጠር ነው። ስንቶቻችን ነን ሞግዚት ብለን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቤታችን ያስገባን? አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ልጅ ልጅን ሲጠብቅ ሁለቱም ጠባቂ የላቸውም።

ሁለተኛው አማራጭ ደግሞ በር መቆለፍ ነው። እዚህ ላይ እኛም ጥፋታችንን እንናገራለን። በሰፈራችን አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ለዘጠኝ ዓመት ልጇ ትታ ሥራ ሄደች። ትልቋ ከትምህርት ቀርታ ውሃ ስታሞቅ ብረት ድስቱ ተገለበጠ። ትንሹ ተርፏል፣ ነገር ግን ክንዱና ደረቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ሁላችሁም ታዩታላችሁ። ያች እናት ከዚያ በፊት "ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ፈልጉልኝ" ብላ ማኅበራችን ቢሮ መጥታ ነበር። እናስብበታለን ብለን መለስናት። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ተቃጠለ። ያን ጊዜ ፊርማ ያሰባሰበ ሰው አልነበረም፣ እኛንም የከሰሰን የለም። መከሰስ የነበረብን ያኔ ነው።

"ገንዘብ ፍቅር ያጠፋል" የሚለውን አንቀበልም። እድር ወር በወር እንከፍላለን፣ ፍቅራችን ጠፋ ወይ? እቁብ እንጥላለን፣ ተጣላን ወይ? ልብስ ያጠበችልንን እንከፍላለን፣ የሰፋልንን እንከፍላለን። ልጃችንን ያጠበችልን፣ ያበላችልን፣ ያስተኛችልን ሴት ስትሆን ብቻ "እግዜር ይስጥልኝ" ይበቃታል የምንለው ለምንድነው? ሥራው የሴት ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አራት ልጅ ይዞ መዋል ሥራ አይደለም የሚል ወንድ ካለ አንድ ቀን ይሞክረው።

ይህ ሲባል ማንም ተነሥቶ ቤቱን በልጅ ይሙላው ማለታችን አይደለም። በአንድ ክፍል አሥራ አምስት ልጅ የሚያጉር፣ እንዲተኛለት ሽሮፕ የሚያጠጣ ካለ መጀመሪያ የምንከሰው እኛ ነን። ስለዚህ በቤቷ ልጅ መጠበቅ ለምትፈልግ ሁሉ ማኅበራችን የሚከተለውን እንዲያጸድቅ እናቀርባለን።

1. አንዲት ሴት ብቻዋን ከአራት ልጅ በላይ አትያዝ፤ ከነሱም ዓመት ያልሞላቸው ከሁለት አይብለጡ።
2. ልጆች ባሉበት ክፍል ከሰል አይቀጣጠል። ጭሱ ይገድላል። ምጣድ፣ ስለት፣ በረኪናና ነጭ ጋዝ ልጅ የማይደርስበት ይቀመጡ።
3. እናት አልባ የሰጠችው የጡት ወተት ክፍል ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይ። ማቀዝቀዣ ያለው ጎረቤት ያስቀምጥላት።
4. ያተኮሰው ወይም የሚያስቀምጠው ልጅ እናቱ ሳትጠራ አይዋል። የእናት የአባት ስልክ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ።
5. ክፍያው በደብተር ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ወላጅም በሰዓቱ መጥቶ ልጁን ይውሰድ፤ የጠባቂዋም ቤት ቤት ነው።
6. ማንኛዋም እናት በፈለገችው ሰዓት ገብታ ማየት ትችላለች። በር የሚዘጋባት ካለ ልጇን ታውጣ፣ ለእኛም ትንገረን።

የምንኖረው ቂርቆስ ነው። ስሙ ከደብሩ የመጣ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን ስም ነው። በሕፃን ስም የሚጠራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሕፃናት ይውጡልን ብሎ መፈረም ያሳፍራል።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በእድሩ ድንኳን ስብሰባ አለ። አሥራ አንዱም ፈራሚዎች እንድትመጡ እንጠይቃለን፤ ተነጋግረን እንተማመናለን እንጂ አንጣላም። አባቶችም ኑ፣ ጉዳዩ የሴቶች ብቻ አይደለም። ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ። ቢያለቅስም ግድ የለም።

ልጅ የሰፈሩ ነው! የሚጠብቀውም ይከበር!

የማኅበሩ ጸሐፊ