ለሬሳው ቅሬ አለን፤ ለጫካውስ?

የሥነ ጽሑፋችንና የመድረካችን አዳኝ ብቸኛ ሰው ነው። ብቻውን ጫካ ይገባል፤ ብቻውን ያደባል፤ ብቻውን ግዳይ ይጥላል፤ ሲመለስም እልልታው የእርሱ ብቻ ነው። ፎካሪው በስሙ ይፎክራል፤ አዝማሪው ስለ እርሱ መሰንቆውን ይገዘግዛል፤ ዘመናውያን ነን የምንለው ደራስያንም ከዚህ ምስል ፈቀቅ አላልንም። ይህ ምስል ሐሰት መሆኑን፣ ከሐሰትነቱም አልፎ ጎጂ መሆኑን ለማሳየት ነው ይህችን ጽሑፍ የማቀርበው። ክርክሬ በመጀመሪያ ከራሴ ጋር ነው።

ከዓመታት በፊት ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ጽፌ ነበር። ባለታሪኩ ቀስተኛ አዳኝ ነበር። በኋላ ወደ መካነ ሰላም በሄድሁ ጊዜ፣ በወጣትነታቸው አዳኝ የነበሩ አንድ የቦረና ሽማግሌ አገኘሁና ታሪኩን ተረክሁላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያም፣

«ቀስቱን ከየት አመጣኸው ልጄ? እኛ ጦርና ጠመንጃ ነበር የምንይዝ» አሉኝ።

ለመድረክ ውበት ብዬ መሆኑን ነገርኋቸው። ፈገግ አሉ።

«ቀስቱስ ይሁን። ይህ ሰው ግን ቅሬ የለውም እንዴ?»

«ምን ማለትዎ ነው አባቴ?»

«ብቻውን ሄደ፣ ብቻውን ገደለ አልኸኝ። ቢቆስል ማን ተሸክሞ ያወጣዋል? ቀድሞ ያደማው እርሱ ለመሆኑ ማን ይመሰክርለታል? ያረገዘችውን ቢገድልስ ማን ይገሥጸዋል? ቅሬ የሌለው ሰው አዳኝ አይባልም፤ ሌባ ነው።»

ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በወሎ ምድር ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን ሆነው ሬሳ የሚያነሡበት፣ ኀዘንተኛ የሚያጽናኑበት፣ ያጠፋውን የሚቀጡበት፣ እምቢ ያለውን ከእሳትና ከውኃ የሚያገልሉበት የኑሮ ምሰሶ ነው። የሽማግሌው ጥያቄ ተውኔቴን በአንድ ጊዜ አፈረሰው። እኔ ጀግና ብዬ መድረክ ላይ ያቆምሁት ሰው፣ በአዳኞቹ ፍርድ ሥርዓት የለሽ ወሮበላ ነበር።

እንግዲህ ከዚህች ተውኔት ወደ ጫካው እንሻገር። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ደንቆሮ የሚባል ጫካ አለ። ከታች ወይራውና ጽዱ፣ ከፍ ሲል ኮሶው፣ ከዚያም አስታው፣ ከአናቱ ጓሳውና ጅብራው ደረጃ በደረጃ የተደረደሩበት፣ ውኃው ወደ ዓባይ የሚወርድ የደጋ ደን ነው። ጭላዳ፣ ነብር፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ሰስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ ተራሮች በስተቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። የዚህ ቀበሮ ለአቅመ መራባት የደረሰ ቁጥር በመላው ዓለም፣ ማለትም በመላው ኢትዮጵያ፣ ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። በ2001 ዓ.ም. ጫካው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ኋላም ወረሂመኖ በስሙ ላይ ተጨመረ።

ስሙ ደንቆሮ ነው፤ የደነቆርነው ግን እኛ ነን። በዙሪያው ያለው ምድር ምን ያህል እንደተራቆተ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ማረሻው ገደሉን እስኪነካ ወጥቷል። ጎተራው የጎደለበት ገበሬ ጫካውን ቢገፋ ጠላት ብለን ልንፈርድበት አይገባም፤ ጭላዳ ገብሱን ሲበላበት፣ ነብር በጉን ሲወስድበት የሚከስረው እርሱ እንጂ በከተማ ተቀምጦ ስለ ብርቅዬ እንስሳት የሚዘምር ባለቅኔ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ፣ ሌላም እውነት አለ፤ ደንቆሮ ካለቀ የቦረና ልጅ «አዳኝ» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ብቻ ያገኘዋል። ግዳይ የሌለበት ፉከራ ደግሞ ከባዶ ቤት የሚሰማ ጩኸት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ቀስቱ ልመለስ፤ ባላሰብሁት መንገድ ቀስቱ አንድ እውነት አስተምሮኛልና። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከሸንተረር ማዶ ሆኖ ይገድላል። ቀስተኛ ግን ጥቂት እርምጃ እስኪቀረው ድረስ መጠጋት አለበት። ነፋሱን ማወቅ፣ ቅጠሉን ሳያንኮሻኩሹ መራመድ፣ ትንፋሽን መግዛት ይጠበቅበታል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አውሬው መኖር አለበት። ጥቂት የቀረና የተሳደደ አውሬ ቀስተኛን አያስጠጋም። ስለዚህ በቀስት ማደን የሚቻልበት አገር ዱሩ የጠገበ አገር ነው። በመተከል የጉሙዝ ሕዝብ ቀስትን የባህሉ መለያ አድርጎ የኖረው እጁ ስለ ሠለጠነ ብቻ አይደለም፤ ዱር ስላለውም ጭምር ነው። ፍላጻን የሚሠራው አንጥረኛው ቢሆንም ፍላጻን ትርጉም ያለው የሚያደርገው ጫካው ነው።

ይህን በሌላ ዓለም ያሉ ቀስተኞች ከእኛ ቀድመው ተረድተውታል። በአሜሪካ የዱር እንስሳት ለገበያ ሲባል ያለ ልክ ተጨፍጭፈው ነበር። በዊስኮንሲን ግዛት ለቀስተኞች ብቻ የተለየ የአጋዘን ማደኛ ወቅት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። በ1937 የወጣ ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ታክስ የዱር እንስሳትን መልሶ ለማቋቋም እንዲውል አደረገ፤ በ1972 ደግሞ ቀስትና ፍላጻም በዚሁ ታክስ ውስጥ እንዲገቡ ተወሰነ። በ1961 ቀስተኞቹ ፖፕ ኤንድ ያንግ የተባለ የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። አገሩም ሀብቱም ከእኛ የተለየ ነው፤ እንዳለ ይቀዳ የሚል ሞኝ የለም። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፦ የማደን ዕድላቸውን ያቆዩት በፉከራ ሳይሆን በስብሰባ፣ በመዋጮና በሕግ ነው። የሚወዱትን ነገር ዋጋ ራሳቸው ከፈሉ።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካለ ወደ መንዝ ይሂድ። በጓሳ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት የተጀመረ ቄሮ የሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ነበር። ሣሩ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሁሉም በተራው ይጠብቃል፤ ሲከፈት ሁሉም በሥርዓት ያጭዳል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲሽር ይህም ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ዳር ቆሞ አላለቀሰም፤ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በጓሳ ካሉ፣ የጠበቃቸው የደመወዝተኛ ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ዓይን ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። አንደኛው፣ «ጫካው የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይጠብቀው» የሚል ነው። ይህ የሰነፍ ሰው ፍልስፍና ነው። ውኃው ሲደርቅ የሚጠማው መንግሥት ነውን? ዘበኛ ሌሊት ይተኛል፤ ቅሬ ግን አይተኛም።

ሁለተኛው፣ «አደን ኋላ ቀር ልማድ ነው፤ ከነስሙ ይጥፋ» የሚሉ የተማሩ ሰዎች ተቃውሞ ነው። እነዚህ ሰዎች አዳኝና ጨፍጫፊ የሚለያዩበትን መስመር አያዩም። የአውሬውን ዱካ፣ ውኃ የሚወርድበትን ሰዓት፣ የሚወልድበትን ወር ከአዳኝ የተሻለ የሚያውቅ ማን ነው? ይህን ዕውቀት ከነባለቤቱ ከጥበቃው አጥር ውጭ መጣል፣ ጫካውን ዓይኑን ማውጣት ነው። አዳኙን ያገለለ ጥበቃ አዳኙን ሌባ ያደርገዋል።

ሦስተኛው፣ «ማኅበር ብንገባ ነገ በደንቆሮ ማደን ይፈቀድልናልን?» የሚል ነው። በግልጽ ልናገር፤ አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። በሕግ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ብሔራዊ ፓርክም የፍላጻ ሥፍራ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚችው ኢትዮጵያ፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ በቁጥጥር በሚታደንባቸው ቦታዎች የደጋ አጋዘን በፈቃድ ይታደናል። አዳኙ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ያለው የውጭ አገር ሰው ነው፤ የአገሬው ልጅ ድርሻ ዱካ መምራትና ጓዝ መሸከም ነው። ለምን? የውጭው ሰው ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ የአገሬው ሰው ድምፁን ይዞ ስላልመጣ ነው። ማን ያድን፣ ምን ያህል ይታደን፣ ገቢው ለማን ይዋል የሚባለው በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከጠረጴዛው የሌለ ሰው ድርሻውን ከፍርፋሪው ይለቅማል። ከደንቆሮ ውጭ ባሉ ሸንተረሮች ሚዳቋውና ድኩላው አንድ ቀን ቢያገግም፣ ስለዚያ ቀን የመናገር መብት የሚኖረው ዛሬ በጥበቃው የተሳተፈ ሰው ነው። ልጁ ባያድን የልጅ ልጁ ያድናል፤ ወይም ማደኑን ትቶ ማየቱን ይመርጣል። ምርጫው እንዲኖር ግን አውሬው መኖር አለበት።

ስለዚህ የማቀርበው ጥሪ ረቂቅ አይደለም። የቦረና፣ የሳይንትና የወረሂመኖ ሰው በየቀበሌው ለጫካው ቅሬ ያቁም። ነባሩ ቅሬ ሬሳ በሚያነሣበት ደንብ፣ አዲሱ ዱር ይጠብቅ፤ ወጥመድ የሚያጠምደውን ይገሥጽ፤ እሳት የሚለቀውን ይቅጣ፤ በጉ የተበላበትን ጎረቤት ከመዋጮው ይካስ፤ በቀበሌውና በፓርኩ ስብሰባ ላይ ወኪሉን ያስቀምጥ። ጠብ ሲነሣ ወሎ አባጋር አለው፤ ዕርቅ ከውጭ አይለምንም። የቀድሞ አዳኞች የዚህ ቅሬ መሪዎች ይሁኑ እንጂ ተከሳሾች አይሁኑ።

እኛ የጥበብ ሰዎችስ? ወንጀላችን ትንሽ አይደለም። ገዳዩን ስናወድስ ጠባቂውን ረሳን። ለሟቹ ዝሆን ስንኝ ስንደረድር ስለሚወለደው ዝሆን ዝም አልን። ስብሰባ ለመድረክ አይመችም እንላለን፤ ነገር ግን በጉ የተበላበት ገበሬና ቀበሮውን የሚጠብቅ ጎረቤቱ በአንድ ዛፍ ሥር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲከራከሩ ያየ ሰው ከዚያ የበረታ ድራማ ከየት ያመጣል? ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ነገ አብረው ይኖራሉ። ትራጄዲም ኮሜዲም የሚወለደው ከዚህ ነው።

የድሮውን ተውኔቴን ቀድጄ እንደ አዲስ በመጻፍ ላይ ነኝ። ቀስቱን አልጣልሁትም፤ ከግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ባለታሪኩ በመጀመሪያው ትዕይንት በር ሲያንኳኳ የሚከፍቱለት የቅሬው ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚጠይቁትም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦

«መዋጮህን ከፍለሃል?»