መሣሪያና ቤተ ሰብ በአንድ መኪና

በእጁ ሥራ የሚተዳደር ሰው፣ አናጢም ይሁን የኤሌክትሪክ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ መኪና ለመግዛት የበቃ እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያ የሚገዛው የሥራ መኪና ነው። ለቤተ ሰቡ ሁለተኛ መኪና መግዛት ከዐቅሙ በላይ ስለሚሆንበት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቱቦና ሲሚንቶ ስትሸከም የሰነበተችው መኪና እሑድ ጧት ሚስቱንና ልጆቹን፣ አያትም ካለች አያትን ጭና ትወጣለች። ይህን የሚነቅፍ ሰው ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አንስማማም። የምንነቅፈው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም መኪናዋ ለሁለቱ ሥራ ሳትሰናዳ ሁለቱንም እንድትሠራ መገደዷ ነው።

አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ወዳጅ አለን። ኋላዋ ዝግ የሆነ፣ መስኮት የሌላት የዕቃ መኪና አለችው። ባለፈው ዓመት ግንቦት 12 ቀን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሲሄድ እኛንም ወሰደን። እኛ ከፊት ከእርሱ አጠገብ ተቀመጥን፤ ባለቤቱ፣ እናቱና ሦስት ልጆቹ ግን ከኋላ በሁለት የመሣሪያ ሣጥኖች ላይ በተጋደመ ሳንቃ ፍራሽ አንጥፈው ተቀመጡ። (የፊቱ ወንበር ለእንግድነታችን በግድ የተሰጠን ክብር ነበር፤ ዛሬ ስናስበው ግን ያሳፍረናል።) ሙከ ጡሪን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን አንድ ወይፈን በድንገት መንገድ ገባ። ወዳጃችን ፍሬን ያዘ፤ ወይፈኑም ተረፈ። ዳሩ ግን ከኋላው በር አጠገብ ተጥሎ የነበረው ትልቁ ጂራቱቦ ወለሉን እየፋቀ መጥቶ የእናቱን ቁርጭምጭሚት መታ። መኪናዋን አቁመን ስንወርድ እግራቸው ማበጥ ጀምሮ ነበር። እርሳቸው ግን ስለ እግራቸው አንዳች ሳይናገሩ ትንሹን የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ «ልጄ፣ እኔስ እሺ፤ ይህ ሕፃን እኮ አሁን ገና ነው ከዚህ ወለል ላይ የተነሣው» አሉት።

ወዳጃችን መልስ አልነበረውም። ማታ ስንመለስ ደግሞ ባለቤቱ፣ «መሣሪያህስ ሣጥን አለው፤ እኛ የሣጥኑ ክዳን ሆነናል» አለችው። እኛም በዚያን ጊዜ ከፊት ተቀምጠን ዝም አልን።

ነገሩን በቍጥር ብንመለከተው የእኒያ እናት ፍርሃት ትክክለኛ መሆኑ ይገለጥልናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭታ ድንገት ብትቆም፣ በውስጧ ያለው ያልታሰረ ዕቃ አብሯት አይቆምም፤ በዚያው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። ይህ ፍጥነት ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ የወደቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ፍጥነቱ 80 ኪሎ ሜትር የሆነ እንደ ሆነ ከፍታው ወደ 25 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ከፍታ በልጆቹ ራስ ላይ የብረት ቍልፍ እንዲወድቅ የሚፈቅድ አባት የለም፤ በመኪና ውስጥ ግን አደጋው በዐይን ስለማይታይ ሳናውቀው እንፈቅዳለን። ልጅን በእቅፍ መያዝም እንደዚሁ ነው። መኪናዋ ከዚያው ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ብትቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከእናቱ እጅ የሚሳበው ወደ 200 ኪሎ በሚጠጋ ኀይል ነው። ይህን የሚችል ክንድ አልተፈጠረም።

ሰውንና ዕቃን በአንድ መኪና የማጓጓዝ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሆላንዳዊው የመኪና ነጋዴ ቤን ፖን እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወሻው ላይ የነደፈው መኪና በ1950 በቮልስዋገን ፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ከዐይነቶቹም አንዱ፣ ኮምቢ የተባለው፣ መስኮቶችና ተነቃይ ወንበሮች ነበሩት፤ በሥራ ቀን ወንበሮቹ ወጥተው ዕቃ ይጫንበታል፣ በበዓል ቀን ወንበሮቹ ገብተው ቤተ ሰብ ይሄድበታል። በአገራችን መንገድ በብዛት የሚታየው የቶዮታ ሃይስም እ.ኤ.አ. በ1967 ከወጣ ጀምሮ ለዕቃም ለሰውም በየዐይነቱ ሲሠራ ኖሯል። ይህ ለወዳጃችን መልካም ዜና ነበር፤ ለሰው በተሠራው መኪና ላይ የነበረ ወንበር ከነሐዲዱና ከነቀበቶው ሊገኝ ይችላልና።

ወዳጃችን ክረምቱን ሥራ ሲቀዘቅዝለት አንድ ብልኅ ባትላሜራ ፈልጎ መኪናዋን አስረከበው። በመጀመሪያ የተሠራው ግድግዳ ነው። ከቤተ ሰቡ መቀመጫ በስተኋላ፣ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ፣ ከታች ላሜራ ከላይ ወፍራም የብረት መረብ የሆነ ግድግዳ ቆመ፤ የታሰረውም በቀጭኑ የጎን ላሜራ ላይ ሳይሆን በመኪናዋ የአካል አጥንት ላይ በቡሎን ነው። ወዳጃችን በኮምፔንሳቶ ይሁንልኝ ብሎ ነበር፤ ባትላሜራው ግን፣ «ጂራቱቦህ እንደ ወረቀት ይቀደዋል» ሲል መለሰለት። እኛ በዚህ ሰው ደስ ብሎናል፤ ርካሹን ሠርቶ ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበርና።

ወንበሩ ብዙ ክርክር አስነሣ። የወዳጃችን አሳብ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች በግራና በቀኝ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ነበር፤ ለጨዋታም ይመቻል፣ በመካከልም ረዣዥም ቱቦ ያስተኛል። ነገር ግን በጐን የተቀመጠ ሰው መኪናዋ ድንገት ስትቆም የሚወድቀው ወደ ጐኑ ስለ ሆነ ቀበቶ እንኳ ቢታጠቅ በደንብ አይይዘውም። ስለዚህ ወንበሩ ወደ ፊት እንዲመለከት ተደረገ። የወለሉም ላሜራ ቀጭን ነው፤ ወንበርን በእርሱ ላይ ብቻ የበየዱት እንደ ሆነ በግጭት ጊዜ ላሜራው ተቀዶ ወንበሩ ከነሰዎቹ ይነቀላል። በመሆኑም ቡሎኖቹ ወለሉን በስተው ከታች በኩል በወፍራም የብረት ሰሌዳ ላይ፣ ወደ ሻንሲው ተጠግተው በዳዶ ተጠበቁ። ቀበቶውም በትከሻና በወገብ የሚያልፈው፣ ስዊድናዊው ኒልስ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ የሠራው ዐይነት ነው። ለትንሹ ልጅ ግን የትልቅ ሰው ቀበቶ አንገቱ ላይ ስለሚያርፍ የሕፃን መቀመጫ ተገዛለት። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናስታውስ፤ ዛሬ እየበዙ በመጡት በኤሌክትሪክ በሚሄዱ መኪናዎች ባትሪው ብዙውን ጊዜ ከወለሉ በታች ስለሚገኝ፣ ሥራውን የማያውቅ ሰው ወለሉን እንዲበሳ መፍቀድ ከባድ አደጋ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው በሩ ነው። የዕቃ መኪና የኋላ በር አንዳንድ ጊዜ ከውስጥ የሚከፈትበት እጀታ የለውም፤ ዕቃ ራሱ ከፍቶ አይወርድምና። ሰው ሲቀመጥበት ግን ከውስጥ የሚከፈት በር የግድ ነው። የጎን መስኮትም የተከፈተው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ነው፤ አጥንቱ ቢቈረጥ መኪናዋ ትደክማለችና።

የክብደቱን ነገር ወዳጃችን በእርሳስ አስልቶ አሳየን። መኪናዋ ከሾፌሩ ሌላ 1000 ኪሎ ትችላለች። ባለቤቱ፣ እናቱና ሦስቱ ልጆች በአንድነት 210 ኪሎ ናቸው። የቱቦ ጥርስ ማውጫው፣ ሞርሳው፣ የመሣሪያ ሣጥኖቹና ቱቦዎቹ 300 ኪሎ ሆኑ። አዲሱ ግድግዳ፣ ወንበሩና መደርደሪያው ደግሞ 120 ኪሎ ጨመሩ። እንግዲህ 370 ኪሎ ቀረው ማለት ነው፤ እርሱ ግን ከዚህ ቀደም እግረ መንገዴን ላድርስ እያለ እያንዳንዱ 50 ኪሎ የሆነ ስምንት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 400 ኪሎ፣ ይጭን ነበር። ከባድ የሆነው ሁሉ አሁን ከወለሉ ላይ በግድግዳው ሥር፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ታስሮ ይቀመጣል። ከኋላ ጎማው ወዲያ የተጫነ ሸክም የፊቱን ጎማ አቅልሎ መሪውን ያሳስታል፤ በፖርቶ መጋላው ላይ የተከመረም መኪናዋን በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ያቀርባታል።

ስለ አየሩ ስንናገር ድምፃችንን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን። ረጅም ቱቦ አልገባ ሲል የኋላውን በር በገመድ አስሮ ገርበብ አድርጎ መሄድ የተለመደ ነው። መኪና ስትሄድ ግን ከኋላዋ ያለው አየር ስለሚሳሳ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ በተከፈተው በር ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ልጆቹ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላል። ቤተ ሰብ ባለበት ቀን ረጅም ቱቦ ይቅር፣ ወይም በጣራው ላይ ይታሰር። የኦክስጅንና የአሴቲሊን ሲሊንደር፣ የቤንዚን ጄሪካንና የቀለም ማቅጠኛም ቤተ ሰብ ባለበት መኪና ውስጥ ከቶ አይገቡም። አሴቲሊን በአየር ውስጥ ከመቶ 2.5 እጅ ያህል እንኳ ቢሆን እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል፤ የብረት ግድግዳ ዕቃን እንጂ ጋዝን አያግድም።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ከማሠራቱ በፊት መኪናዋ ወደ ተመዘገበችበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ነበር። በሊብሬው ላይ የሰው ብዛትና የጭነት ልክ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ሳያስፈቅዱ መለወጥ በዓመታዊው ምርመራ ላይ ችግር ያመጣል። ለመድን ድርጅቱም በጽሑፍ አስታወቀ። እኛ እንደምናየው ይህ ከሥራው ሁሉ ይልቅ ትዕግሥቱን የፈተነው ነገር ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሷልና።

ዘንድሮ በግንቦት ወደ ደብረ ሊባኖስ በዚያችው መኪና ሄድን። በዚህ ጊዜ ከፊት የተቀመጡት እናቱ ናቸው፤ እኛ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ሆንን። ሙከ ጡሪ ስንደርስ እናቱ ወደ ኋላ ዞር ብለው፣ «ያ ብረት ዛሬ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። ትልቁ የልጅ ልጃቸው ከጀርባው ያለውን የብረት ግድግዳ በክርኑ ሁለት ጊዜ አንኳኳላቸው።